የተቀበሉትን ስለ መቻል

በጎ ሥራ ሁለት ቀኖች አሉት። በመጀመሪያው ቀን የሚያሠራው ርኅራኄ ነው፤ ሰው የወደቀውን ያነሣል፥ የራበውን ያበላል፥ የበረደውን ወደ ቤቱ ያስገባል፤ የሚያየውም ሁሉ ያመሰግነዋል። ሁለተኛው ቀን ግን ምስጋና የለበትም። ያነሡት ይከብዳል፥ ያበሉት ነገም ይራባል፥ ወደ ቤት ያስገቡትም የቤቱን ዕቃ ያበላሻል። ስለ መጀመሪያው ቀን ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ሁለተኛው ቀን የተነገረው ግን ከዚያ ያነሰ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ የተቀበለው ፍጥረት ሳያውቅ ጉዳት ቢያደርስበት፥ የተቀባዩ ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው?

ለዚህ ትልቅ ጥያቄ የመረጥነው ምሳሌ ትንሽ ነው፤ ይኸውም ገና ጥርሱን የሚለውጥ፥ ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክ ቡችላ ነው። «ይህን ያህል የሰው ችግር እያለ ስለ ቡችላ መጻፍ ምን ይባላል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው ምክንያታችን ይህ ነው፤ የሰውን ዕዳ ሕግም፥ ዳኛም፥ ይሉኝታም ያስከፍሉናል። አቤት ለማለት አንደበት የሌለው ፍጥረት ግን ከኅሊናችን በቀር አስከፋይ የለውም። የወርቅ ክብደት በትንሽ ሚዛን እንደሚታወቅ ሁሉ፥ የኅሊናም ክብደት እንደዚህ ባለው ትንሽ ነገር ይታወቃል።

በአገራችን ልማድ ውሻ የደጅ እንጂ የቤት ፍጥረት አይደለም። ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፥ በግና ጥጃ ከጅብ ያስጥላል፥ እረኛ ተከትሎ ይውላል፤ ትርፍራፊም ይጣልለታል። ከደጃፉ እንዳያልፍ ግን ከቡችላነቱ ጀምሮ ይማራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ይከለከላል፤ በእስልምናም ምራቁ የነካው ዕቃ የሚታጠብበት ሥርዐት አለ። ሰውን ውሻ ብሎ መጥራት ስድብ ነው። ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው እንደ ተከተለው ተጽፎ እናገኛለን። አባቶቻችን ውሻን ከቤት ያራቁት ስለ ናቁት ብቻ አይመስለንም፤ ለእነርሱም ለእርሱም የሚበቃ ግቢ ነበራቸው።

ዛሬ ግን ግቢው ጠቧል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በአቃቂ ቃሊቲ፥ ቱሉ ዲምቱ የሚባል ስፍራ አለ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ጤፍና ሽምብራ በሚያበቅለው በአቃቂ ጥቁር አፈር ላይ ዛሬ ባለብዙ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተደርድረው ይታያሉ። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ከመሀል ከተማ የመጣ ቤተሰብ በግቢ የለመደውን ኑሮ ይዞ ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። በዚያም አጥር የለም፥ የውሻ ቤት የሚቀለስበት ጥግም የለም። ስለዚህ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ወይ ከራሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያኖረዋል፥ ወይ ፈጽሞ አያኖረውም፤ ደጅ የሚባለው መካከለኛ ስፍራ ጠፍቷል።

በዚሁ መንደር የሚኖሩ አንድ መምህር ወዳጃችን ባለፈው ክረምት ከሕንፃቸው አጠገብ፥ ከተጣለ የሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ፥ በዝናብ የራሰ ቡችላ አግኝተው ወደ ቤታቸው አስገቡ። ልጆቹ ቡቺ አሉት። በመጀመሪያው ሳምንት እንኳን ቤተሰቡ ጎረቤቱም ሁሉ ወደደው። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን የቡቺ ጥርስ ሥራውን ጀመረ። የጫማ ተረከዝ፥ የወንበር እግር፥ የመሶብ ጠርዝ፥ የትንሿ ልጅ የሒሳብ ደብተር በየተራ አለቁ። ወዳጃችን ይህን ሲያጫውቱን ይሥቁ ነበር፤ ጉዳቱ በገንዘብ የሚተካ ነበርና።

አንድ ቀን ግን የማይተካው ተነካ። የወዳጃችን አባት በሕይወት ሳሉ ጧት ጧት የሚደግሙበት፥ ሲያርፉም ለባለቤታቸው የተዉት የብራና ዳዊት በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ማንገቻው በእርጅና ተበጥሶ ወደቀ፤ ቡችላውም ማኅደሩን ቀዳደደ፥ የመጽሐፉንም ገበታ አንዱን ጥግ በላ። የወዳጃችን እናት ዳዊቱን አንሥተው በነጠላቸው ጠቀለሉና «ይህ ፍጥረት ዛሬ ከዚህ ቤት ይውጣ» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ያሻሹትን ቆዳ የሚሸጥ ገበያ የለምና። ወዳጃችን ዱላ አነሡ። ቡችላው ጆሮውን ጥሎ፥ ጅራቱን ሸጉጦ፥ ከወንበር ሥር ገባ። እናቲቱም «ጥፋቱንማ ዐውቆታል፤ ዐይኑን እዩት» አሉ። በዚህ ጊዜ የአሥር ዓመቷ የልጅ ልጃቸው «እማማ፥ ካወጡት የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የጥያቄያችን ሦስቱ ክፍሎች ተሟልተው ይገኛሉ። ቡችላው በደለኛ ነውን? በዱላ ይማራልን? ቢባረርስ የት ይሄዳል? እያንዳንዱን በተራው እንመልከት።

ውሻ ሲወለድ ጥርስ የለውም። ቆይቶ 28 የወተት ጥርሶች ያበቅላል፤ እነዚህም ከአራት ወር ዕድሜው ገደማ ጀምሮ እየወለቁ፥ ስድስት ወይም ሰባት ወር ሲሞላው በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያ ጊዜ ድዱ ያሳክከዋል፥ ያመዋል፤ ማኘክ ሕመሙን ያስታግስለታል። ከዚህም በላይ ቡችላ እጅ የለውም፤ ሕፃን የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚወስድ፥ እርሱም ዓለምን የሚመረምረው በአፉ ነው። ብቻውን ሲውል ይሰለቻል፥ ይፈራልም፤ ፍርሃቱንም በጥርሱ ይወጣዋል። የዳዊቱ ማኅደር ለእናቲቱ የባለቤታቸው ጸሎት ነው፤ ለቡችላው ግን ቆዳ ነው፤ በእውነትም ቆዳ ነው። ያን ቆዳ ከሌላው ቆዳ የለየው የብዙ ዘመን ጸሎትና ትዝታ ሲሆን፥ ይህን ደግሞ የውሻ አፍንጫ አያሸተውም።

ታዲያ ዐይኑስ? አንገቱን መድፋቱስ ጥፋቱን ማወቁ አይደለምን? አሌክሳንድራ ሆሮዊትስ የተባሉ የውሻን ጠባይ የሚያጠኑ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 14 ውሾችን ከነባለቤቶቻቸው ፈተኑ። ባለቤቱ ውሻውን አንድ ቁራሽ ምግብ እንዳይነካ ከልክሎ ከክፍሉ ይወጣል፤ ሲመለስም ውሻው ታዟል ወይም አልታዘዘም ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። ከፈተናው የተገኘው ይህ ነው፤ ውሻው የጥፋተኛ ፊት የሚያሳየው ስላጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ስለ ተቆጣው ነበር። ምግቡን ያልነካው ውሻ እንኳ ሲቆጡት ያንኑ ፊት፥ እንዲያውም አብልጦ፥ አሳየ። እንግዲህ እኛ ኑዛዜ ብለን የምናነበው ነገር ፍርሃት ነው። ይህን ነገር መምህርም ሆነ የመሥሪያ ቤት አለቃ ቆም ብሎ ቢያስበው መልካም ነው። በፊታችን አንገቱን የደፋ ሁሉ በደለኛ አይደለም፤ የፈራንም ሁሉ ስሕተቱን የተረዳ አይደለም።

ሕጋችንም ነገሩን በዚሁ መንገድ ይመለከተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ወጥቶ ቢሆን፥ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ሕጉ እንስሳውን «ለምን አደረግህ?» ብሎ አይመረምረውም፤ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ግን እንስሳን ለፍርድ የማቆም ልማድ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1386 በፈረንሳይ አገር፥ ፋሌዝ በምትባል ከተማ፥ ሕፃን የገደለች አሳማ ተፈርዶባት ተሰቅላለች። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንገረማለን። ዳሩ ግን ጫማው ስለ ተበላበት ቡችላውን በቁጣ የሚደበድብ ሰው ከዚያ ዳኛ የሚለየው ካባ ስላልደረበ ብቻ ነው።

በደለኛ ካልሆነ ዝም ይባል ማለት ነውን? አይደለም። የማያውቅ ፍጥረት ይማራል እንጂ አይተውም። ዳሩ ግን ጧት ስለ ተኘከ ጫማ ማታ የሚመታ ቡችላ ቅጣቱን የሚያያይዘው ከጫማው ጋር ሳይሆን ከመቺው ጋር ነው። ጌታው ሲገባ መደበቅን ይማራል፤ ጫማ አለማኘክን ግን አይማርም። የሚጠቅመው የማይገባውን ሲይዝ በዚያው ቅጽበት ከአፉ ወስዶ በምትኩ የተፈቀደውን መስጠት፥ የተፈቀደውንም ሲያኝክ ማመስገን ነው። ለዚህም ተገምሶ የማይዋጥ ጠንካራ ጎማ፥ ወይም ተቋጥሮ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ወፍራም ጨርቅ ይበቃል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ስለሚችል አይሰጥም። የኤሌክትሪክ ገመድ፥ መድኃኒት፥ ሽንኩርትና ቸኮሌትም ከማይደርስበት ስፍራ ይቀመጣሉ።

በዚህ ነገር የሚያስገርም ልማድ አለ። ብዙ ሰው ቡችላው እንዲጫወትበት አሮጌ ጫማ ይጥልለታል፤ አዲሱን ሲነካ ደግሞ ይመታዋል። አሮጌውን ከአዲሱ የሚለየው ግን ዋጋውን የከፈለ ሰው ነው። ለቡችላው ሁለቱም የጌታው እግር ሽታ ያለባቸው ጫማዎች ናቸው። ታዛዡ ሊለየው በማይችለው ነገር ላይ የተመሠረተ ትእዛዝ ሕግ ሊባል አይገባውም፤ ወጥመድ ነው። ይህም በቡችላ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ያላስተማረውን የሚፈትን መምህር፥ ያልተነገረ ደንብ አፈረስህ ብሎ ደመወዝ የሚቀጣ አለቃ፥ ትናንት የሣቀበትን ዛሬ የሚገርፍ ወላጅ፥ ሁሉም አሮጌውን ጫማ ሰጥተው ስለ አዲሱ የሚማቱ ናቸው።

ከሦስቱ የከበደው ግን የሕፃኗ ጥያቄ ነው። ከቤት ማውጣት የሚለው ቃል ሲሰሙት ቀላል ነው፤ መድረሻውን አይናገርምና። ከዚያ ቤት መስኮት ሆኖ ለሚመለከት ግን መድረሻው ይታያል፤ በአንድ በኩል መኪና የማያቋርጥበት መንገድ፥ በሌላው በኩል ሌሊት ጅብ የሚመላለስበት ሜዳ አለ። በየሰፈሩ ከሚባዝኑት ውሾች መካከል አንድ ቀን በልጆች እጅ ታቅፈው የነበሩ እንደማይጠፉ መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ወዳጃችን ያን ቡችላ አይተው ቢያልፉ ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፤ በመንገድ የሚያየውን ሁሉ ወደ ቤቱ እንዲያስገባ የሚገደድ ሰው የለም። የተቀበለ ሰው ግን ካልተቀበለው ጋር እኩል አይደለም። ምክንያቱም የተቀበሉት ፍጥረት በመቀበሉ ብቻ ተለውጧል። ቡቺ ከወንድሞቹ ተለይቷል፤ ከቆሻሻ ክምር ምግብ መፈለግን ሳይማር ከሰው እጅ መብላትን ለምዷል፤ መኪናን መሸሽ ሳይሆን በር ላይ ቆሞ መጠበቅን ዐውቋል። እርሱን ወደ ቱቦው መመለስ ወደ ነበረበት መመለስ አይደለም፤ ከነበረበት ወደ ባሰ ስፍራ መጣል ነው። አባቶች የነብርን ጅራት አይዙም፥ ከያዙም አይለቁም ይላሉ። ነገሩ የተባለው ስለ አደጋ ነው፤ ነገር ግን ለምሕረትም ይሠራል። ደግሞም ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላሉ፤ ቡችላንም ሲወስዱ ከነጥርሱ ነው።

ሆኖም ግዴታው ወሰን አለው፤ ወሰኑም ጎረቤት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያተርፍ ሕክምና የለውም ለማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከመቶ 99 እጅ ያህሉ የሚመጣው በውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን ለሰው ከሰጠ ወዲህ ግን ሊከለከል የሚችል በሽታ ሆኗል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፥ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 እጅ የሚሆኑት ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ ሊቋረጥ ይችላል፤ ውሾችን በጅምላ መግደል ግን ይህን ፍሬ አያስገኝም። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ማስከተብ፥ ክትባቱንም በጊዜው ማሳደስ፥ በጋራው ደረጃ ላይ በማሰሪያ መያዝ፥ ያቆሸሸውን ማጽዳት የባለቤቱ ዕዳ ነው። በጨዋታ መካከል ጥርሱ የሰው ቆዳ ቢበሳ እንኳ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል እንጂ፥ «ቡችላ ነው» ተብሎ አይተውም። ዋጋውን ጎረቤት በፍርሃት የሚከፍልበት ርኅራኄ የባለቤቱ ርኅራኄ ሊባል አይችልም።

የወዳጃችን እናት ለሕፃኗ ጥያቄ ወዲያው አልመለሱም። ብዙ ቆይተው «እንግዲያውስ ጥርሱን እስኪጨርስ በረንዳ ላይ ይደር፤ ዳዊቱም ከፍ ብሎ ይሰቀል» አሉ። ማኅደሩን ቆዳ ሠራተኛ ጠገነው፤ የገበታው ጥግ ግን እንደ ተበላ ቀርቷል። እኒህ እናት ቡችላውን አላቀፉትም፥ ኀዘናቸውም አልወጣላቸውም፤ ነገር ግን ስፍራና ጊዜ ወሰኑለት። መልካምነት ሁልጊዜ በፈገግታ የሚፈጸም ይመስለናል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ልብ እንደ ቈሰለ ግዴታን መፈጸም ነው። የተቀበሉትን መቻል ማለት ጉዳቱን እንዳልደረሰ መቍጠር አይደለም፤ ጉዳቱን ጉዳት ብሎ፥ ያልበደለውንም በደለኛ ሳያደርጉ፥ አብሮ የሚኖሩበትን ሥርዐት ማበጀት ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚው አንባቢ እንመለስ። የሰው ልጅ እየተራበ ለውሻ ማሰብ ይገባልን? አንድ እንጀራ ብቻ ቢኖርና የራበው ልጅና የራበው ውሻ ከፊታችን ቢቆሙ፥ እንጀራው የልጁ ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን ውሻውን ያባረረ ሰው በዚያው ቀን ድኻ አደግ ወደ ቤቱ ሲያስገባ አላየንም። ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው እንደሚጎድል የጎተራ እህል አይደለም፤ እጅ በሥራ እንደሚለምድ ሁሉ ልብም በመስጠት ይለምዳል። አንደበት የሌለውን መታገሥ የተማረ ልጅ ነገ አንደበት ላለው ባለጉዳይ አይከፋም።

ደግሞም ይህ ዕዳ የዛሬ ሥልጣኔ ያመጣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን አገር፥ በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ፥ 14 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር ተገኘ፤ በውስጡም የአንድ ወንድ፥ የአንዲት ሴትና የአንድ ወጣት ውሻ አጥንት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፥ ያ ውሻ ሲሞት ዕድሜው ሰባት ወር ያህል ሲሆን፥ ቀደም ብሎ ውሾችን የሚገድል ጽኑ በሽታ ይዞት ነበር። ይህን የመሰከሩት ጥርሶቹ ናቸው፤ በሽታው በጥርሶቹ ላይ ምልክቱን ትቶ ነበርና። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፥ ሰው ካላሞቀው፥ ካላጠበውና ካላጠጣው ያን ያህል ሳምንት ሊቈይ አይችልም ነበር። ታምሞ ለተኛ ቡችላ አደንም ጥበቃም አይሆንለትም። ጎተራ ያልነበራቸው፥ ነገ ምን እንደሚበሉ የማያውቁ ሰዎች ምንም ለማይጠቅማቸው ቡችላ ይህን አደረጉ። ከእነርሱ ይልቅ ብዙ ያለን እኛ፥ ስለ ጫማና ስለ ወንበር እግር ምን ልንል እንችላለን?

እንግዲህ የያዝነው ጥያቄ መልስ ይህ ይመስለናል። የመቀበል ግዴታ የሚለካው ተቀባዩ በተቀበለበት ቀን በነበረው ደስታ አይደለም፤ የተቀበሉት ፍጥረት በመቀበሉ ምክንያት በእኛ ላይ በተደገፈው መጠን ነው። ደስታው ቢያልፍም መደገፉ አላለፈምና ግዴታው ይኖራል። ውሻ የገባንለትን ቃል አላስፈረመንም፤ ብናፈርሰውም አይከሰንም። ከሳሽ የሌለውን ቃል የሚጠብቅ ሰው ግን ከሳሽ ያለውንም እንደሚጠብቅ ልንተማመንበት እንችላለን።

የቡችላ ጥርስ ሰባት ወር ሲሞላው ሞልቶ ያበቃል፤ ከዚያም ማኘኩ እየቀነሰ ይሄዳል፥ ውሻውም ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። አንባቢዎቻችን በየቤታቸውና በየሥራቸው የተቀበሉት ቡችላ ላይሆን ይችላል፤ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ፥ ገና ሥራ ያልለመደ ጀማሪ ጸሓፊ፥ ከሌላ ትምህርት ቤት ተባርሮ የመጣ ተማሪ ይሆናል። ሁሉም ጥርስ የሚያበቅልበት ወራት አለው። ያን ወራት ታግሦ የሚያስተምር ሰው ለገባው ቃል ታምኗል፤ በዚያ ወራት በሩን የከፈተ ሰው ግን ቀድሞ በማስገባቱ የተቀበለውን ምስጋና ሊመልስ ይገባዋል።